ድምፅ አይሰማም፣ ምስል አይታይም፦ ከየት ይጀመራል?

በቪዲዮ ጥሪ ላይ ችግሩ አንዱ ጋ እየታየ ምክንያቱ ሌላው ጋ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል። አዲስ አበባ ያሉ እናት «ልጄ፣ ድምፅሽ የለም» ይላሉ። ስቶክሆልም ያለችው ልጅ «እማዬ፣ ድምፁን ጨምሪው፤ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኚው» እያለች ታደክማቸዋለች። የእናትየው ስልክ ግን ምንም አልሆነም። የልጅቷ ላፕቶፕ ድምፅ እየጠበቀ ያለው ሌላ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው የብሉቱዝ ኢርፎን ነው። በዚህ መሃል እናት ደህናውን ስልካቸውን ሲነካኩ ቀድሞ ያልነበረ ችግር ይፈጠርና አንዱ ብልሽት ሁለት ይሆናል።

ስለዚህ ማንም ምንም ሳይነካ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን ማንን ነው የማይሰማው?» ተብሎ ነው። አምስት ሰው ባለበት ጥሪ አራቱ እየተደማመጡ የአንዱ ድምፅ ብቻ ካልደረሳቸው፣ የሚፈተሸው የዚያ ሰው ማይክ ነው። አንዱ ሰው የማንንም ድምፅ ካላገኘ ደግሞ የሚፈተሸው የራሱ ስፒከር ወይም ኢርፎን ነው። ሁለት ሰው ብቻ በሚነጋገርበት ጥሪ እንዲህ መለየት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ከጥሪው ወጥቶ የራሱን ዕቃ ለብቻው መሞከር አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ድምፁ ጭራሽ የለም ወይስ ይቆራረጣል የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር «ኔትወርክ ነው» ተብሎ ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ምስሉ ጥርት ብሎ እየመጣ ድምፅ ጨርሶ ከሌለ ኔትወርኩን መጠርጠር ጊዜ ማባከን ነው። ቪዲዮ ከድምፅ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዳታ ይፈጃል፤ አፖቹም መስመሩ ሲጠብባቸው መጀመሪያ የሚያደበዝዙት ምስሉን ነው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለማቆየት ይሞክራሉ። ፍጹም ዝምታ ካለ የሚጠረጠሩት ሦስት ናቸው፦ ማይኩ ሚዩት ሆኗል፣ አፑ ማይኩን የመጠቀም ፈቃድ የለውም፣ ወይም የተመረጠው ሌላ ማይክ ነው። ድምፁ እየዘለለ ወይም እንደ ሮቦት እየሆነ ሲመጣ ግን ያን ጊዜ ስለ ኔትወርክ ማውራት ይቻላል።

ዕቃውን ከኔትወርኩ ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ኢንተርኔት በማያስፈልገው ነገር መሞከር ነው። ላፕቶፕ ላይ ሳውንድ ሪኮርደርን፣ ስልክ ላይ የድምፅ መቅጃውን ከፍተው አሥር ሰከንድ ያህል ተናግረው መልሰው ያዳምጡት። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ከተሰማ ማይኩ ደህና ነው፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ ብለው ሲገቡ ኢንፑት በሚለው ሥር አግድም መስመር አለ። ሲናገሩ መስመሩ ወደ ቀኝ ከተዘረጋ ኮምፒውተሩ እየሰማዎት ነው። ካልተነቃነቀ ግን ዙምን አጥፍቶ መጫንም ሆነ ዋይፋዩን ሪስታርት ማድረግ ዋጋ የለውም፤ ድምፁ ገና ከማሽኑ ውስጥ አልገባም።

ስልክ ላይ ይህ ሙከራ አንድ ጉድለት አለው። አብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ከአንድ በላይ ማይክ አላቸው፤ አንዱ ከታች በቻርጀር መሰኪያው አጠገብ፣ ሌላው ከላይ ወይም ከጀርባ በካሜራው አጠገብ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያወራ ድምፁ ደህና የሚሰማ ሰው ላውድስፒከር ሲያደርግ ወይም ቪዲዮ ኮል ሲጀምር ድምፁ የሚርቅ ከሆነ የተደፈነው ሁለተኛው ማይክ ሊሆን ይችላል። መቅጃው ላይ ደህና ቢመጣም በካሜራው አጭር ቪዲዮ ቀርጾ ማዳመጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቀዳዳውን የሸፈነ የስልክ ሽፋን ነው። ሽፋኑን አውልቆ መሞከር ይበቃል። ቀዳዳውን በመርፌ መውጋት ግን በጣም አደገኛ ነው፤ ውስጥ ያለውን ስስ መከላከያ ይበሳል። ደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል።

ዕቃው ደህና ሆኖ አፑ ላይ ብቻ ካልሠራ ወደ ፈቃድ ይሄዳል። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ማይክሮፎን ወይም ካሜራ። እዚያ ከላይ ወደ ታች ሦስት ደረጃ አለ። የመጀመሪያው ለማሽኑ በሙሉ፣ ሁለተኛው ለአፖች የሚሰጠው ፈቃድ ሲሆን ሦስተኛው ከገጹ ግርጌ ያለው «ሌት ዴስክቶፕ አፕስ» ብሎ የሚጀምረው ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። የዊንዶውስ የራሱ ካሜራ አፕ በሁለተኛው ሥር ስለሚተዳደር ምስል ያሳያል፤ ክሮምና ዙም ግን የሦስተኛው ተገዢ ናቸው። «ካሜራው ይሠራል፣ ዙም ላይ ግን እምቢ አለ» የሚባለው ሁኔታ አንዱ ምክንያት ይህች ማብሪያ ናት።

በብራውዘር ለሚገቡ፣ ለምሳሌ ጉግል ሚት ለሚጠቀሙ፣ ሌላም በር አለ። ከድረ ገጹ አድራሻ በስተግራ ያለውን ትንሽ ምልክት ሲጫኑ የካሜራና የማይክ ማብሪያ ይወጣል። መጀመሪያ ሲገቡ በችኮላ «ብሎክ» የሚለውን ከተጫኑት ብራውዘሩ ምርጫውን ያስታውሰዋል እንጂ ደግሞ አይጠይቅም። ከቀየሩት በኋላ ገጹን ሪፍሬሽ ማድረግ ያስፈልጋል። ማክ ላይም ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ፈቃዱ ተሰጥቶ አፑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ካልተከፈተ ለውጡ ላይታይ ይችላል፤ ቀዩን ነጥብ መጫን መስኮቱን ይዘጋል እንጂ አፑን ላያጠፋው ይችላል።

አንድሮይድ 12 ላይና ከዚያ ወዲህ ባሉት፣ ከላይ ወደ ታች በሚሳበው ሜኑ ውስጥ «ማይክ አክሰስ» እና «ካሜራ አክሰስ» የሚሉ ማብሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ልጆች ወይም አዛውንት ሳያውቁ ይነኳቸዋል። አንዴ ከጠፉ ዋትስአፕም፣ ቴሌግራምም፣ ኢሞም በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ሁሉም አፖች በአንድ ቀን እምቢ ካሉ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው፤ አንዱ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ የዚያን አፕ ፐርሚሽን (ፈቃድ) መክፈት ነው።

ፈቃዱ ካለ የቀረው የዕቃ ምርጫ ነው። ላፕቶፕ ላይ ስክሪን ወይም ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ ሲሰካ ዊንዶውስ ድምፁን ወደዚያ ሊወስደው ይችላል፤ ስክሪኑ ስፒከር ከሌለው ድምፁ መድረሻ አጥቶ ይቀራል። ካሜራ ላይም እንዲሁ ነው፤ ለላይቭ ሥርጭት ኦቢኤስ የተባለውን ፕሮግራም የጫኑ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ «ቨርቹዋል ካሜራ» የሚባል ያገኛሉ። እርሱ ተመርጦ ኦቢኤስ ካልተከፈተ ባዶ ምስል ይመጣል። ዙም ላይ በማይኩ ምልክት አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ሲጫኑ ያሉት ማይኮችና ስፒከሮች በስማቸው ይዘረዘራሉ። በእኔ እይታ «ሴም አዝ ሲስተም» ከሚለው ይልቅ የሚፈልጉትን በስሙ መምረጥ ይሻላል። ሲስተሙ አዲስ ነገር በተሰካ ቁጥር ሐሳቡን ይቀይራል።

የገመድ ኢርፎን ጫፍን ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ይነግራል። ብረቱን የሚከፋፍሉትን ቀለበቶች ይቁጠሩ። ሁለት ቀለበት ካለው ብረቱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ የግራ ድምፅ፣ የቀኝ ድምፅ፣ መሬት (የጋራ መመለሻው ሽቦ)። ማይክ የለውም። ሦስት ቀለበት ካለው አራት ክፍል አለው፤ አራተኛው የማይኩ ነው። የስልክ ኢርፎን አብዛኛው አራት ክፍል ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ግን ከጀርባው አረንጓዴና ሮዝ ሁለት ጉድጓድ አለው፤ አረንጓዴው ለድምፅ መውጫ፣ ሮዙ ለማይክ። የስልክ ኢርፎን አረንጓዴው ላይ ሲሰካ ይሰማል፣ ማይኩ ግን አይሠራም። ሮዙ ላይ ቢሰኩትም አይሆንም። መፍትሔው አንዱን ጃክ ለሁለት የሚከፍል የዋይ ቅርጽ ገመድ ነው፤ ሲገዙ አንዱ ጫፍ አራት ክፍል ያለው ሴት ጃክ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሦስት ሦስት ክፍል ያላቸው ወንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። የጃክ ቀዳዳ በሌላቸው ስልኮች የሚሰካው የታይፕ ሲ ማገናኛም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድምፅ የሚለውጥ ቺፕ በውስጡ አለው፣ ሌላኛው ባዶ ሽቦ ነው። ስልኩ ባዶ ሽቦውን የማይደግፍ ከሆነ ማገናኛው አዲስም ቢሆን ምንም አይሰማም።

ብሉቱዝ የራሱ ጠባይ አለው። ሙዚቃ ሲሰሙ ጥሩ የነበረው ኢርፎን ጥሪው እንደተጀመረ የድሮ ስልክ ድምፅ የሚያወጣው ተበላሽቶ አይደለም። በተለመደው ብሉቱዝ ኢርፎኑ ከሁለት አሠራር አንዱን ብቻ ይይዛል፦ ወይ ጥራት ያለው ስቴሪዮ ያለ ማይክ፣ ወይ ማይክ ያለው ዝቅተኛ ጥራት። ማይኩ ሲከፈት ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፤ ያኔ ድምፁ በሰከንድ የሚለካው 8,000 ወይም 16,000 ጊዜ (ናሙና) ነው፣ የሙዚቃው ግን 44,100 ወይም 48,000። ለዚህ ቀላል መላ አለ። ስፒከሩን ኢርፎኑ አድርገው፣ ማይኩን ግን የላፕቶፑን የራሱን ይምረጡ። ኢርፎኑ ማይክ እስካልተጠየቀ ድረስ በስቴሪዮው ይቆያል፤ ሌላው ሰውም የሚሰማው ድምፅ ይሻላል። ጫጫታ ያለበት ቤት ከሆነ ግን የላፕቶፑ ማይክ ሁሉንም ስለሚለቅም ይህ መላ አይሠራም፤ የገመድ ኢርፎን ይሻላል።

ስለ ማስተጋባት ያለው ግራ መጋባት ሰፊ ነው። የራስዎን ድምፅ ተመልሶ ሲመጣ ከሰሙት የእርስዎ ዕቃ ንጹሕ ነው። ድምፅዎ ከሌላው ሰው ስፒከር ወጥቶ በዚያው ሰው ማይክ ገብቶ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ኢርፎን ማድረግ ወይም ድምፅ መቀነስ ያለበት ማስተጋባቱን የማይሰማው ሰው ነው። ብዙ ሰው ባለበት ጥሪ አስተናጋጁ አንድ በአንድ ሚዩት እያደረገ ሲሄድ ማስተጋባቱ የቆመበት ሰው ይታወቃል። ፉጨት የሚመስል ጩኸት ሲሆን ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መሣሪያ በአንድ ጥሪ ገብቷል ማለት ነው፤ ለቅሶ ወይም ክርስትና ላይ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ አንዱ በስልክ፣ አንዱ በታብሌት ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው። በዚህ ጊዜ የሁለተኛውን ማይክ ሚዩት ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ስፒከሩ ከመጀመሪያው ማይክ ጋር መነጋገሩን ይቀጥላል። ዙም ላይ «ሊቭ ኮምፒውተር ኦዲዮ»፣ ስልክና ታብሌት ከሆነ ደግሞ «ዲስኮኔክት ኦዲዮ» የሚለውን ተጭኖ ሁለተኛውን መሣሪያ ከድምፅ ፈጽሞ ማስወጣት ነው።

በርቀት በገና ወይም ክራር ለሚማሩና ለሚያስተምሩ ይህ ክፍል ትልቅ ጉዳይ ነው። አፖቹ ውስጥ ያለው የጫጫታ መቀነሻ የሰው ንግግር ለማዳን የተሠራ ስለሆነ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ንዝረትን እንደ ማራገቢያ ጩኸት ይቆጥረዋል። በበገናው እንዚራ (ከክሩ ሥር ባለው ቁራጭ ቆዳ) የሚመጣው ያ የሚነዝር ድምፅ ለእርሱ ጫጫታ ነው፤ ጣት ክሩን ሲመታ ይሰማና ወዲያው ይዋጣል። ተማሪው ቅኝቱን መስማት አይችልም፣ መምህሩም ማረም አይችልም። ዙም ላይ ሴቲንግ፣ ኦዲዮ ውስጥ «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሚዩዚሺያንስ» የሚለውን መርጠው፣ ጥሪው ውስጥ ደግሞ ከስክሪኑ ላይኛ ጥግ ላይ በሚወጣው ምልክት ያብሩት። ይህን ሲያደርጉ የማስተጋባት መከላከያው ሊጠፋ ስለሚችል ሁለቱም ወገን ኢርፎን ማድረግ ግድ ነው። ማይኩንም ከበገናው አንድ ክንድ ያህል ያርቁት፤ በጣም ከቀረበ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ከድምፁ ሥር የማያቋርጥ ወፍራም «ኡኡኡ» ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው ይሞክሩት። ከጠፋ ምንጩ መብራቱ ነው። መሬት ያልገባለት ሶኬት ባለበት ቤት ይህ የተለመደ ነው፤ በተለይ የማይክ ቡስት (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላው ማስተካከያ) እስከ ላይ ሲከፈት ይገናል። ቡስቱን ወደ 10 ዲሲቤል አውርዶ ወደ ማይኩ መቅረብ ይሻላል፤ በጥሪው ሰዓት በባትሪ መሥራትም ሌላው አማራጭ ነው።

ወደ ካሜራው ስንመጣ የመጀመሪያዋ ምስክር በአጠገቡ ያለችው ትንሽ መብራት ናት። መብራቷ በርታ ምስሉ ጥቁር ከሆነ ፊት ለፊቱን የሸፈነው ነገር አለ። ብዙ ላፕቶፖች ከካሜራው በላይ በጥፍር የምትንቀሳቀስ መዝጊያ አላቸው፤ ስትዘጋ ቀይ ነጥብ የሚያሳዩም አሉ። መብራቷ ካልበራች ደግሞ ፈቃድ፣ የኪቦርዱ የካሜራ ቁልፍ፣ ወይም ካሜራውን የያዘ ሌላ አፕ ነው። ዊንዶውስ ላይ አንድ ካሜራን ብዙውን ጊዜ አንድ አፕ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሌላው የጥሪ አፕ ቲምስ ከጀርባ ተከፍቶ ከቀረ ዙም «አልተገኘም» ሊል ይችላል። ሌሎቹን ዘግቶ እንደገና መሞከር ነው። ካሜራው በዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች በሚዘረዝርበት ገጽ) ውስጥ ካለ በቀኝ ተጭነው አንኢንስቶል ያድርጉትና ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ፤ ዊንዶውስ ድራይቨሩን (ካሜራውን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ራሱ መልሶ ይጭነዋል።

ከዝርዝሩ አልፎ አልፎ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ግን ሶፍትዌር መነካካቱን ያቁሙ። የካሜራው ገመድ ከስክሪኑ ወደ ታች የሚወርደው በማጠፊያው በኩል ነው፤ በየቀኑ በመክፈትና በመዝጋት ይጎዳል። የካሜራውን አፕ ከፍተው ክዳኑን ቀስ ብለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት። ምስሉ አንድ ማዕዘን ላይ ከጠፋና ሌላው ላይ ከተመለሰ ገመዱ ነው። ለጠጋኝ ይህን አሳይቶ መስጠት «ዊንዶውስ ይጫንልህ» ተብሎ ያለጥቅም ገንዘብ ከመክፈል ያድናል። የውጭ ዩኤስቢ ካሜራ መግዛትም ስክሪኑን ከማስፈታት ሊረክስ ይችላል።

ዩኤስቢ ካሜራ ሲሰኩ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ይሁን እንጂ ብዙ ዕቃ በተንጠለጠለበት ሃብ (አንዱን መሰኪያ ለብዙ የሚያከፋፍል ዕቃ) ላይ አይሁን። ዩኤስቢ 2.0 በጠቅላላ በሰከንድ 480 ሚሊዮን ቢት ነው የሚያሳልፈው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ሳይጨመቅ ቢላክ ወደ 1 ቢሊዮን ቢት ይጠጋል። ካሜራው ውስጡ ስለሚጨምቀው ነው የሚሠራው፤ አንድ ሃብ ላይ ሁለት ካሜራ ሲሰካ ግን አንዱ የሚጠፋው ያንኑ መንገድ ስለሚሻሙ ነው።

ምስሉ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ቀስ እያሉ የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ የመብራቱ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ፣ የአሜሪካ 60 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ካሜራ በ60 እንደተስተካከለ ሆኖ በሸምበቆ (ፍሎረሰንት) መብራት ሥር ሲበራ ይህ ይታያል። በካሜራው ሴቲንግ «አንቲ ፍሊከር» ወይም «ፓወርላይን ፍሪኩዌንሲ» የሚለውን ወደ 50 መለወጥ ይበቃል። ማታ ላይ የሚንቀረፈፍ ምስልም ብዙ ጊዜ ኔትወርክ አይደለም። ክፍሉ ሲጨልም ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ እያንዳንዱን ምስል ያቆየዋል፣ በሰከንድ 30 የነበረው 15 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። መብራት ፊት ለፊት ማድረግና መስኮት ከጀርባ እንዳይሆን ማድረግ ነው።

አሁን ኔትወርክ። ዙም ለሁለት ሰው ጥሩ ቪዲዮ የሚፈልገው በሰከንድ 600 ኪሎ ቢት ለመላክ፣ ሌላ 600 ለመቀበል ነው፤ በሰዓት 540 ሜጋ ባይት ያህል ይበላል። ድምፅ ብቻ ከሆነ በየአቅጣጫው 80 ኪሎ ቢት ቢበዛ፣ በሰዓት 72 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ፓኬጁ 500 ሜጋ ባይት ለሆነ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ፍጥነት ሲለኩም «ዳውንሎድ» ብቻ አይታይ፤ ሌላው ሰው እርስዎን ቆራርጦ የሚያይዎት በ«አፕሎድ» ማነስ ነው። ሲቆራረጥ መጀመሪያ ካሜራው ይጥፋ፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥ ዩቲዩብ የሚያየው ሰው ይጠየቅ፣ ከዚያ ወደ ራውተሩ መጠጋት ወይም ዋይፋዩን ከ2.4 ወደ 5 ጊጋኸርዝ መለወጥ። ብሉቱዝም በ2.4 ላይ ስለሚሠራ ሁለቱ ሊረባበሹ ይችላሉ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ትንሽ መዘግየት አይቀርም፤ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር መታገስ ነው እንጂ የሚስተካከል ሴቲንግ የለም።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ አንድ አቤቱታ ለብቻው መታየት አለበት። ጽሑፍና ፎቶ በዋትስአፕ በደንብ እየሄደ ጥሪው ብቻ «ኮኔክቲንግ» ላይ ከቆመ ዕቃው አልተበላሸም። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ፈቃድ ያላገኙ የኢንተርኔት ጥሪዎችን ሲከለክሉ ኖረዋል፤ እዚያ ያሉ ቤተሰቦች እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱ አፖችን የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ቤት ያለችውን እናት ማይክ እንድትፈትሽ ማድረግ ከንቱ ድካም ነው፤ የተፈቀደውን አፕ በሁለቱም በኩል መጫን ነው።

በዕድሜ የገፉ ወላጆችን ከሩቅ መርዳት ሲኖር የተበላሸውን ጥሪ ዘግተው በተራ የስልክ ጥሪ ይደውሉላቸው። አንድ ነገር ብቻ ይንገሯቸው፣ እስኪያደርጉት ይጠብቁ፣ ምን እንዳዩ ይጠይቁ፤ «ሴቲንግ ግቢና ፐርሚሽን ክፈቺ» ሁለት ትእዛዝ ነው። ስክሪንሾት ማንሳት ከከበዳቸው በቤቱ ባለ ሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ አንስተው ይላኩ። ፎቶው ላይ የማይኩ ምልክት ተሰርዞ ከታየ እርሱን አንዴ መንካት ይበቃል። ካልተሰረዘ ድምፅ ቀድተው በቴሌግራም እንዲልኩ ያድርጉ፤ የተቀዳው ከተሰማ ማይኩ ደህና ነውና ወደ ጥሪው አፕ ፐርሚሽን ይሂዱ። የተላከው ባዶ ከሆነ ግን ሽፋኑን ማውለቅና ከላይ በሚሳበው ሜኑ «ማይክ አክሰስ» መብራቱን ማየት ይቀድማል።